አባባ የማሉበት ቀርቀሃ

«አንተ ነህ ያሰቀልከው፤ አንተው አውርደው» አለችኝ እህቴ።

የአባባን አርባ ባወጣን ማግስት ነው። የተዝካሩ ዳስ ገና አልፈረሰም፤ ደጁ ላይ ጠላ የፈሰሰበት ጉዝጓዝ ይሸታል። ሦስታችን፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ፣ ከሁላችን የምታንሰው እህታችንም፣ አባባ ትተውት የሄዱትን ዕቃ ልንከፋፈል ቤት ውስጥ ተቀምጠናል። በመሬቱ ጭቅጭቅ አልነበረም። ድሮም የሚያርሰው ወንድሜ ነው። አባባን ያስታመመችው እህቴ ቤቱንና ጓሮውን ይዛ ትቀጥላለች። እኔ እንጅባራ የምኖር አስተማሪ ነኝ፤ ሞፈር ከጨበጥኩ ዘመን የለኝም። ኮርቻውና ልጓሙም ለወንድሜ ሆነ። በእኛ አገር ወንድ የሚለካው በፈረሱ ነው፤ ወንድሜ ደግሞ ጋላቢ ስለሆነ ማንም አልተከራከረውም። ጋቢያቸው ለንስሐ አባታቸው ተሰጠ። የቀረው ቀርቀሃው ነበር።

ከምድጃው በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ በሁለት ጠፍር ተንጠልጥሎ አግድም ተሰቅሏል። ቁመቱ የእኔን ቁመት እጥፍ ይሆናል። ወንድሜ ሊያስቀን ፈልጎ «ለማገር ይሆናል፤ እኔ ልውሰደው» አለ። እህቴ አልሳቀችም። እኔን እኔን እያየች ያንን መጀመሪያ የነገርኳችሁን ቃል ተናገረች። በርጩማ ስቤ ወጣሁ።

ሃያ ዓመት ጭስ የጠጣ እንጨት ጥላሸት ይሆናል ብዬ እጄን ቆጠብ አድርጌ ነበር የያዝኩት። ጥላሸት የለውም። እጄ ላይ አሟለጨኝ፤ ቅቤ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ያወርዱታል» አለች። «ይወለውሉታል፣ ቅቤ ይቀቡታል፣ መልሰው ይሰቅሉታል። ለገዛ አናታቸው ያልሰጡትን ቅቤ።»

«ለምን?»

«ጠይቀሃቸው ነበር?» ብላ ተነስታ ወጣች።

የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነው። ለሌላ አገር ሰው ይኼ ብቻ ይበቃዋል፤ ለእኛ ቀበሌ ሰው ግን አይበቃም። እኛ ዘንድ ሰው ያርሳል፣ ከብት ያረባል፣ ፈረስ ይጋልባል። ወንዝ ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ሰው የሚወስድ ነገር ነው። ዓሣ ያማረው ካለ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ላይ ይበትናል፤ ትልቁም ትንሹም ሰክሮ ሆዱን ገልብጦ ሲንሳፈፍ በቅርጫት ለቅሞ ይሄዳል። ይኼን ያደረገ ሰው ስም አይወጣለትም፤ ጨዋታ ነው። ድንጋይ ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጦ አንድ ዓሣ የሚጠብቅ ሰው ግን ሥራ ፈት ነው። ሥራ ፈት ካልሆነም ዘሩ ይጠየቃል።

አባባ ድንጋይ ላይ ግማሽ ቀን የሚቀመጡ ሰው ነበሩ። ሥራ ፈት እንዳይባሉ እርሻቸው ከማንም እርሻ ቀድሞ ይታረማል፤ ያ ግን አልበቃቸውም። «የውኃ ሰው» የሚል ስም ወጣላቸው። ስሙ በእሳቸው ቢቀር ምን ነበረበት፤ ወደ እኛም ወረደ።

ቀርቀሃው ወደ ቤታችን የመጣው እህቴ በተወለደች ዓመት ነው። ድንች ጭነው ቆሰበር ገበያ ወጡ፤ ጨውና ላምባ ይዘው ይመለሳሉ ሲባል ይኼን ትከሻቸው ላይ አጋድመው መጡ። እማ እስክትሞት ድረስ «አራስ ቤት ጥለውኝ ሄደው ዱላ ገዝተው መጡ» እያለች ለጎረቤት ታወራው ነበር። እሳቸው ግን በእሳት እያሞቁ አቀኑት፣ ከምድጃው በላይ ሰቅለው ጭስ አጠጡት። የመጀመሪያው ክር ከገዛ ፈረሳቸው ጭራ የተገመደ ነበር። የመጀመሪያው መንጠቆ ደግሞ የእማ መርፌ ነው፤ በእሳት አግለው አጎበጡት። እማ ለዚያም መርፌ ለብዙ ጊዜ ተከራክራለች።

አሁን ዘንጉን እንጅባራ ይዤው ተቀምጬ ሳየው ቤተሰባችን ሁሉ ላዩ ላይ አለ። እጀታው ላይ የእህቴ የወተት ጥርስ የነከሰው ምልክት አለ፤ ድዷን ሲበላት እሱን ነበር የምትይዘው። ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ የተቃጠለ ቦታ አለ፤ ወንድሜ እሳት የቆሰቆሰበት። አባባ ያጠፋን ልጅ ሳይቀጡ መተው አያውቁም ነበር፤ ያን ቀን ግን ወንድሜን ሳይመቱት ቀሩና ቀኑን ሙሉ ሳያናግሩት ዋሉ፤ ዱላው ይሻለው ነበር። ከእጀታው በላይ ደግሞ በቢላ የተቆረጠ ምልክት አለ። ከራሱ እስከ ጭራው እዚያ ድረስ የደረሰ አንድ አምባዛ ዓሣ ነበር። እሱን የያዝን ቀን እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። እግሬ ውኃ ውስጥ እያለ በሁለት እጄ ክሩን ስስብ «ቀስ! ቀስ በል!» ያሉኝ እስካሁን ይሰማኛል። ከሰው ጋር በአማርኛም በአዊኛም ይናገራሉ፤ ከዓሣ ጋር ግን በአዊኛ ብቻ ነበር። ትንሹን መንጠቆው ላይ ሲያገኙት ከአፉ ቀስ አድርገው ያወጡና «ሂድ፣ እደግ» ብለው ይለቁታል። ብርብራ የሚበትን ሰው ካዩ ግን የሚናገሩትን እዚህ አልጽፈውም።

በረዶ ገብሱን ያጠፋው ዓመት ደግሞ አለ። በዚያ ዓመት ጎረቤቶቻችን በሬ አውጥተው ሸጡ፤ የዘር ድንች ቀቅለው የበሉም ነበሩ። እኛ ዓሣ በላን። እማ ሽታው ቤት እንዳይገባ ደጅ ላይ በሌላ ድስት ነበር የምትቀቅለው። ከታኅሣሥ እስከ ፋሲካ ድረስ ዓሣ፣ ጨውና ሚጥሚጣ። ከእኛ ቤት አንድ ሰው በሰው ደጅ ቆሞ አልለመነም። አሁን ይኼን ስጽፍ ኩራት የሚመስል ነገር ይሰማኛል። ያኔ ግን የተሰማኝ እፍረት ብቻ ነው። ተማሪ ቤት አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ አፍንጫውን ይዞ ወደ ዳር ይሸሽ ነበር። እጄን በአሸዋ እስኪላጥ ፈትጌዋለሁ። ከሁሉም በላይ የገፋኝ ያ አፍንጫ መያዝ ነው፤ ተምሬ ከዚያ ወንዝ እንድርቅ።

ራቅሁም። አስተማሪ ሆኜ እንጅባራ ተመደብኩ፤ እዚያው አሁን ሚስቴ የሆነችውን ሴት አገኘሁ። የዳንግላ ልጅ ናት። አባቷ በፈረስ ንግድ ስማቸው የተጠራ፣ ለንግሥ በዓል ሲጋልቡ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ የሚያያቸው ሰው ነበሩ። የእኔ አባት ደግሞ ድንጋይ ላይ የሚቀመጡ። ይኼን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

ሽማግሌ የላክሁት የእናቴን ወንድም ነው፤ ከሁለት ሰዎች ጋር። አጎቴ ከዳንግላ እስኪመለሱ መንገድ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

«ምን አሉ?»

«የአባትህን ስምና አገራችሁን ጠየቁና ነገርናቸው።»

«እሺ?»

«ከዚያ ‹ያ ዓሣ አጥማጁ?› አሉን። አዎ አልን። ‹በሉ የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ተመለሱ› ብለው ሸኙን።»

ለሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን ልጄን ሰጥቻለሁ የሚል አባት በእኛ አገር የለም። ተመለሱ ማለት ወጉ ነው፤ ለንጉሥ ልጅም ቢሆን ተመለሱ ይባላል። ይኼን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ግን «ያ ዓሣ አጥማጁ?» የሚለውን ከሰማሁ በኋላ ሌላው ሁሉ ከጆሮዬ ወጣ። ያ አፍንጫውን የያዘው ልጅ ነው የታየኝ። ሰውየው ንቀውናል፤ ልጃቸውን ሊከለክሉኝ ነው አልኩ።

«ሄጄ ምን ለማለት እንደፈለጉ ልጠይቃቸው» ብል አጎቴ ተቆጡ።

«ተው አንተ! ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ያላሉህን ልታስብላቸው ነው?»

በዚያው ቀን ከአጎቴ ጋር ወደ ቤት ሄድን። አባባ ደጅ ላይ ተቀምጠው ክር ይገምዳሉ።

«አባባ፣ ልጅቱን ሊከለክሉኝ ነው።»

«በምን ምክንያት?»

ዘንጉ አጠገባቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ዘንጉን አየሁት። ዓይኔን ተከትለው እሳቸውም አዩት።

«በእሱ ነው?»

እርግጠኛ አልነበርኩም። አላውቅም ማለት እችል ነበር። «አዎ፣ በእሱ ነው» አልኩ።

«እንግዲያ እተወዋለኋ» አሉ፤ ክሩን ከጉልበታቸው ላይ አነሱት።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ምናልባት ዛሬ ይኼን አልጽፍም ነበር። ግን እማን ሦስት ጊዜ «ትቻለሁ» ብለዋት ሦስት ጊዜ ወደ ወንዙ እንደተመለሱ አውቃለሁ። ስለዚህ «ይማሉልኝ» አልኳቸው። አባቴን። አጎቴ ቅዳሜ ሲሄዱ ‹ምለው ትተዋል› እንዲሉልኝ ነው። አጎቴ መሬት መሬቱን አዩ።

አባባ ተነሱ። በማርያም ይምላሉ፣ ወይም በሚካኤል፤ እንዲህ ያለው መሐላ ኋላ በንስሐ ይቃለላል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው «ሁለተኛ ውኃ ላይ መንጠቆ ብጥል የዚህን ልጅ ሞት ያሳየኝ» አሉ።

«ኧረ በልጅ አይማልም!» ብለው ጮኹ አጎቴ።

«ሌላ የምምልበት ነገር የለኝም» አሉ አባባ። ዘንጉንም በዚያው ቀን ሰቀሉት።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሄዱ። አጎቴ መሐላውን ይዘው ሄደው ሳያወጡት ተመለሱ። «አፌን ሳልከፍት ሰጡን፤ የመሐላውን ነገር ማንሳትም አላስፈለገኝ» አሉኝ። ያኔ አንድ ነገር ሊገባኝ ይገባ ነበር። ሳይጠየቅ የተማለ መሐላ ነው፤ ሮጬ ሄጄ «አባባ፣ ተሳስቻለሁ፣ ዛሬውኑ ቄስ ጋር እንሂድ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እውነቱን ልናገር፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ እንደ ሰው ሁሉ ገበሬ ብቻ ሆኑልኝ።

የሠርጌ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ከጓሮ ስዞር አየኋቸው። በርጩማ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን በእንዶድ ያጥባሉ። ያጥቡና ያሸቱታል፤ እንደገና አመድ ጨምረው ያሹታል። ዓሣ ከነኩ ወራት አልፏል። ቆሜ አየኋቸው፤ ሳያዩኝ ተመለስኩ። በማግስቱ ከሙሽራው ፈረሰኞች ፊት ፊት ጋልበው ዳንግላ ገቡ፤ ከአማቼ ጋር ሲጨባበጡ እጃቸውን ቶሎ ሲስቡ አይቻለሁ።

ከዚያ ዓመታት ሄዱ። ለበዓል ስመጣ እጃቸው ሥራ ሲያጣ ነበር የማየው። ሲያወሩ የጣታቸው ጫፍ ጋቢያቸው ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ክር እንደያዘ ሰው። ጨዋታቸውም ቀነሰ። «አርጅተዋል» እል ነበር ለሚስቴ። ስለ መሐላው አልነገርኳትም፤ ምን ብዬ?

በዚህ መሃል ዓሣ ክብር አገኘ። እንጅባራም ዳንግላም በጾም ቀን ዓሣ የማይሠራ ሆቴል የለም። ከባሕር ዳር በመኪና ይመጣል። እኔም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተቀምጬ የዓሣ ጉላሽ በልቻለሁ፤ አጥንቱን በምላሴ እየለየሁ ሳወጣ «ጎበዝ ነህ፤ የት ተማርከው?» ብለውኛል። ሳቅሁ። የተማርኩበትን አልተናገርኩም።

ከሦስት ዓመት በፊት እህቴ ደወለች። ኔትወርኩ እየቆራረጠ ሦስት ጊዜ ነው ደውላ የጨረሰችው። አባባ ንስሐ አባታቸውን ጠይቀዋል። ቄሱም መሐላው ይፈታል፣ ቀኖናውም ቀላል ነው ብለዋል፤ ግን የተማለው በልጅ ስለሆነ ልጁ ራሱ መጥቶ፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ከአባቱ ጎን ቆሞ፣ ይቅር ብያለሁ ማለት አለበት።

«አንድ እሑድ ነው» አለችኝ። «አንድ እሑድ ብቻ ና።»

እመጣለሁ አልኩ። በልቤ ግን ደጀ ሰላሙን አየሁት። የሚስቴ ዘመዶች እዚያ ደብር አሉ። ምን ተማለ፣ ለምን ተማለ፣ ማን አስማለ ይባላል። ወሬው ማታውኑ ዳንግላ ይገባል። ለጥምቀት አልኩ፤ ጥምቀት አለፈ። የፈተና ወረቀት አለብኝ አልኩ፤ ፈተናውም አለፈ። ሰው ሲጠይቀኝ መንገድ ተዘግቶ ነው እላለሁ። እውነት ነው፤ መንገድ ተዘግቶ የምንከርምበት ጊዜ ነበር። የተዘጋው ግን ኋላ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ሚኒባሱ በየሰዓቱ ይሄድ ነበር።

አንዴ ሄጃለሁ፤ በሳምንቱ መካከል፣ ቅዳሴ በሌለበት ቀን። ሆን ብዬ ነው። አባባ «ወንዙን እንየው» አሉኝና በትራቸውን ይዘው ፊት ፊት ሄዱ። ያ ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። ውኃው ቀንሷል። ግራና ቀኙ ድሮ የግጦሽ ሣር ነበር፤ አሁን ሰው ሁሉ ለከሰል የሚሆን ዛፍ ተክሎበታል። በበትራቸው ጫፍ ከሾላው ሥር ያለውን ጥልቅ ቦታ አሳዩኝ።

«እዚያ አለ። ትልቅ ነው። ሁለት ክረምት አሳልፏል።»

«በምን አወቁ?»

«አየዋለሁ እንጂ ምን ሥራ አለኝ» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ «እሑድ ድረስ አትቆይም?» አሉኝ።

«ለፋሲካ እመጣለሁ አባባ። ለፋሲካ ጨርሰን።»

«እሺ» አሉ። አንድ ጊዜ ነው የጠየቁኝ፤ እሷንም በስንት ዓመት። ለፋሲካ አልሄድኩም።

ሲታመሙ እህቴ ምግብ አልበላ ሲሏት ዳንግላ ወርዳ ከገበያ ዓሣ ገዝታ ቀቀለችላቸው። አንድ ጉርሻ አፋቸው ውስጥ አዙረው መልሰው አወጡት። «ብርብራ ነው፤ ይመራል» አሉ። ከዚያ በኋላ ዓሣ ይምጣልኝ አላሉም። እኔ ስደርስ ተቀብረው ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ደጁ ላይ ስደርስ የጮኽኩት ጩኸት ሰፈሩን አወጣው። እህቴ ግን ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ታየኝ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። አላለችኝም፤ ያለችኝን ለአርባው አቆየችው።

ቀርቀሃውን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስሬ ነው ወደ እንጅባራ ያመጣሁት። አዲስ ቅዳም ላይ ከሰል ሲጫን ሾፌሩ ወርዶ አየውና «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው፣ ለአንቴና ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። አባቴ ከሞቱ አርባ ቀን አልፏቸዋል፤ ሾፌሩ ከእኛ አገር ሰው ማንንም አያውቅም፤ እኔ ግን አዎ አልኩት። ቤቴ ስደርስ በረንዳው ላይ አቆምኩት። ሚስቴ «የአባባ ነው?» አለችና በእጇ ዳበስ አድርጋው አለፈች።

በሁለተኛው ሳምንት አማቼ መጡ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ለተዝካሩ መድረስ አልቻሉም ነበር፤ ሊያጽናኑኝ ነው የመጡት። ባጃጁ በር ላይ አወረዳቸው። በረንዳው ላይ ደርሰው ቀርቀሃውን ሲያዩ ቆሙ። ሰላምታውንም ረሱት።

«የእሳቸው ነው?»

«አዎ።»

በትራቸውን ለእኔ ሰጥተው በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ እዚያው በረንዳ ላይ ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡ፤ ዘንጉን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው።

«አንተ ልጅ ነበርክ» አሉ። «በረዶ የጣለበት ዓመት ነው። ከግምጃ ቤት ገበያ ፈረስ ነድቼ ስመጣ ንዳድ ያዘኝ። እናንተ ደጅ ስደርስ ከፈረስ ወደቅሁ። አባትህ አስገቡኝ። ሦስት ቀን ተኝቻለሁ። ቤት ውስጥ እህል አልነበረም፤ ወንዝ ይወርዳሉ፣ ዓሣ ይዘው ይመጣሉ፣ መረቁን በእጃቸው ያጠጡኛል። ልጆቻቸው ቆመው ያዩኝ ነበር። ከእነዚያ ውስጥ አንዱ አንተ ሳትሆን አትቀርም።»

አላስታውስም። በዚያ ዓመት የማስታውሰው ረሃቤን ብቻ ነው።

«ስማቸውን እንኳ ሳልይዝ ሄድኩ፤ ‹ዓሣ አጥማጁ› ሲሏቸው ብቻ ሰምቻለሁ። ኋላ ያንተ ሽማግሌዎች መጥተው አገሩን ሲነግሩኝ ‹ያ ዓሣ አጥማጁ?› አልኳቸው። አዎ ሲሉኝ ነገሩ አለቀ። ወጉ ነውና ቅዳሜ ተመለሱ አልኩ እንጂ ልጄን የሰጠሁት በዚያው ቀን ነው። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።»

«ታዲያ ለእሳቸው ለምን አልነገሯቸውም?» አልኩ።

«አፈርኩ» አሉ። «ያኔ ስም አለኝ፣ ፈረስ አለኝ፤ በሰው ፊት ‹የልጆችህን ምሳ የበላሁት እኔ ነኝ› ማለት ከበደኝ። እሳቸውም አላወቁኝም። አንድ ቀን ዓሣ ይልኩልኛል፣ ያኔ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ለዘመድ ከያዙት መላክ ያለ ነው። ጠበቅሁ። ሳይልኩልኝ ቀሩ። ኋላ ከናካቴው ትተውታል አሉኝ።» ዘንጉን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። «እንዲህ የያዙትን ነገር ለምን ተዉት?»

ሚስቴ የእጅ ውኃ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሁለቱም ያዩኛል። ሃያ ዓመት ያፈርኩት እኚህን ሰው ነው። ደጀ ሰላሙ ላይ ያልቆምኩት እኚህ ሰው እንዳይሰሙ ነው። አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ይጠይቁኛል፤ የሚያፍሩበት ነገር ቢኖር የራሳቸው ዝምታ ብቻ ነው። «እኔ ነኝ ያስማልኳቸው» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

«አርጅተው ነው» አልኩ። «ወገባቸውን ያማቸው ነበር፤ ድንጋይ ላይ መቀመጥ አልቻሉም።»

አማቼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘንጉን ቀስ አድርገው ግድግዳው ላይ አስደገፉትና እጃቸውን ለውኃው ዘረጉ።

«ነፍሳቸውን ይማር። እኔ እኮ ንቀውኝ መስሎኝ ነበር» አሉ።